ከርዳዳና ደረቅ ፀጉር ላላቸው ወንዶች የተሰጠ ማሳሰቢያ

ጎፈሬ ተመልሷል። ድሮ የወንድ ልጅ ፀጉር ትንሽ ረዘም ሲል «ተቆረጥ እንጂ!» ይባልበት የነበረ ሰፈር ሁሉ ዛሬ ትዊስት የተሠራ፣ ድሬድ ያስጀመረ፣ ጎንና ጎኑን በፌድ አስጠርቶ አናቱን ያንጨፈረረ ወጣት ሞልቶበታል። ያምርባቸዋል፤ ተቆረጡ የሚል ምክር እዚህ አታገኙም። የሚያሳስበው አብሮ የመጣው ጣጣ ነው፦ ስም የሌለው ብልቃጥ፣ ከአንዱ ራስ ወደ ሌላው የሚዞር ስፖንጅ፣ ትምህርቱን በቲክቶክ የጨረሰ የፀጉር «ሐኪም»፣ «ትንሽ ያቃጥላል፣ ቻለው» የሚል አስተካካይ።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ይታወቅ። ፀጉርና የራስ ቅል ቆዳ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፀጉሩ ከቆዳው ብቅ ካለ በኋላ ሕይወት የለውም፤ ቢቆርጡት አያመውም፣ ቢመግቡት አይጠግብም። ቆዳው ግን ሕያው ነው፤ ይቃጠላል፣ ይቆስላል፣ ጠባሳም ይይዛል። ጠባሳ የያዘ ቦታ ደግሞ ፀጉር መልሶ አያበቅልም። ወንዶቻችን ራሳቸውን የሚጎዱት ብዙውን ጊዜ ሕይወት የሌለውን ክር አለሰልሳለሁ ብለው ሕያው ቆዳቸውን ሲፈጁት ነው። ወይም ደግሞ ቆዳው ታሞ እያሳከካቸው «ፀጉሬ ደርቆ ነው» ብለው ቅባት ሲደፉበት።

የክሩ ድርቀት ከተፈጥሮው የመጣ ነው። ከርዳዳ ፀጉር የሚበቅልበት ጉድጓድ ጎበጥ ያለ ነው፤ የሚወጣውም ክር ድቡልቡል ሳይሆን ጠፍጠፍ ያለ በመሆኑ እየተጠቀለለ ያድጋል። ሥሩ አጠገብ ያሉት ዕጢዎች የሚያመነጩት ወዝ ሉጫ ፀጉር ላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከርዳዳው ላይ ግን መታጠፊያው ስለሚበዛ ጫፍ ድረስ አይዘልቅም። ሥሩ ወዛም፣ ጫፉ ደረቅ የሆነ ራስ የሚያጋጥመው በዚህ ምክንያት ነው። በየመታጠፊያው የክሩ ሽፋን ትንሽ ስለሚነሣ እርጥበቱ በዚያ በኩል ያመልጣል፤ ማበጠሪያ ሲገባም የሚበጠሰው እዚያው ላይ ነው። በዚህ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምትና ኅዳር ሲገቡ አየሩ ይደርቃል፣ ፀሐዩም ይከራል። በነሐሴ ለስለስ ብሎ የነበረ ፀጉር በኅዳር ቢንኮሻኮሽ ጥፋቱ የማንም አይደለም።

እንዲህ ያለውን ድርቀት ማዳን አይቻልም፤ መያዝ ግን ይቻላል። ፀጉርን የሚያለሰልሰው ውኃ ነው፤ የቅባት ሥራ የገባውን ውኃ ቶሎ እንዳይወጣ ማቆየት ነው። በደረቅ ፀጉር ላይ ቫዝሊን የሚለድፍ ሰው ፀጉሩ ያብረቀርቅለታል፣ ከሥር ግን ያው ደረቅ ነው። ግሊሰሪንም ውኃ ውስጥ ሳይበጠበጥ እንዳለ ከተቀባ በደረቅ አየር ከፀጉሩ ላይ እርጥበት ሊስብ ይችላል። በሳምንት አንዴ፣ ፀጉሩ በጣም ከርዳዳ ለሆነ ሰው በሁለት ሳምንት አንዴ ሻምፖ ይበቃል፤ እሱም ቆዳው ላይ እንጂ ጫፉ ላይ አይታሽም። ስፖርት የሚሠራ፣ አቧራ የሚውልበት ሰው በየመካከሉ በውኃ ብቻ ይለቃለቅ። ከሻምፖው በኋላ ኮንዲሽነር ጫፉ ላይ ይቀባል። ኮንዲሽነር የሴት ዕቃ ነው የምትሉ ወንድሞች፣ ከሴቶቹ ይበልጥ የሚያስፈልገው ለእናንተ ነው፤ ወዙን በየቀኑ በሳሙና የምታጥቡት እናንተ ናችሁና። ማበጠር ያለባችሁ ፀጉሩ እርጥብ ሆኖ ኮንዲሽነሩ ሳይለቀቅ ነው፤ በሚዶ ወይም ጥርሱ በሰፋ ማበጠሪያ፣ ከጫፍ ጀምሮ ወደ ሥር እየወጡ። ከርዳዳ ፀጉር ደርቆ ሲበጠር ይበልጥ ይሰበራል። ጠዋት ለሥራ ሲጣደፉ በደረቁ ሚዶ ሰክቶ ወደ ላይ መንጨት የለመደ ሰው ሸሚዙ ኮሌታ ላይ የሚያገኛቸው አጫጭር ቁርጥራጮች ከሥር የተነቀሉ አይደሉም፤ መሐል ላይ የተሰበሩ ናቸው። እነሱን አይቶ «ፀጉሬ እየረገፈ ነው» ብሎ መድኃኒት ቤት የሚሮጥ ብዙ ነው።

ሳሙናን በተመለከተ ጠንከር ያለ ቃል ያስፈልጋል። ብዙ ወንድ ከእግር እስከ ራሱ የሚታጠበው በአንድ ሳሙና ነው፤ የልብስ ሳሙና ወይም ኦሞ የሚጠቀምም አይጠፋም። ቆዳችንም ፀጉራችንም በተፈጥሯቸው በትንሹ ወደ አሲድነት ያደላሉ፤ ሳሙና ግን አልካሊ ነው። የክሩን ሽፋን ያስነሣዋል፣ ወዙንም ጠርጎ ያወጣዋል። እንደ ድሬዳዋ ውኃው ከባድ በሆነበት አገር ደግሞ ጣጣው ድርብ ነው፦ ሳሙናው ከውኃው ካልሲየም ጋር ተዋህዶ ነጭ ዝቃጭ ይሆንና ፀጉሩ ላይ ይቀራል። የማሰሮውን ቂጥ ያየ የድሬ ሰው ማስረጃ አያስፈልገውም። ሻምፖ የሚሠራው ከሳሙና በተለየ ማጽጃ ስለሆነ ይህን ዝቃጭ አይፈጥርም።

አሁን ወደ ዋናው ስሕተት እንምጣ። ራሳችሁን ፀሐይ ላይ አውጡና ፀጉሩን በጣት ፈልቅቃችሁ ቆዳውን በስልክ ካሜራ አንሡት። ቆዳው ንጹሕ ሆኖ ክሩ ብቻ ሻካራ ከሆነ ድርቀት ነው። ነጭ ወይም ቢጫ ቅርፊት ካለ፣ ቅርፊቱም ሲነካ ቅባት ቅባት ካለ፣ ከሥሩ ቀላ ካለ፣ የሚያሳክክም ከሆነ ግን ፎረፎር ነው። ቅንድባችሁን፣ የአፍንጫችሁን ግራና ቀኝ፣ የጆሮ ጀርባና ጢም ውስጥ እዩ፤ እዚያም ካለ ጥርጣሬው አበቃ። ፎረፎር ደረቅ ይመስላል እንጂ ከድርቀት አይመጣም። ማላሴዢያ የሚባል ፈንገስ በሁላችንም ቆዳ ላይ ይኖራል፤ ደረትና ጀርባ ላይ ቋቁቻ የሚያወጣውም እሱው ነው። ምግቡ ቅባት ነው። በቅባት ሲመገብ የሚተወው ትራፊ አንዳንድ ሰው ቆዳ ላይ ቁጣ ያስነሣል፤ ቆዳውም እየተቀረፈ ይራገፋል።

እንግዲህ ፎረፎር ያለበት ሰው የጉሎ ዘይት፣ የወይራ ዘይት ወይም ቅቤ ቆዳው ላይ ሲያሽ ምን እያደረገ እንደሆነ አስቡት። የመጀመሪያ ቀን ቅርፊቱ ረጥቦ ስለሚለጠፍ የጠፋ ይመስላል፤ ሰውየውም ደስ ይለዋል። ከጥቂት ቀን በኋላ ብሶበት ይመጣል፤ ያኔ ቅባቱን ይጨምራል።

ስለ ቅቤ ክፉ መናገር በእኛ አገር ድፍረት ነው። የአፋር አርብቶ አደር ወንዶች ጥቅልል ፀጉራቸውን በቅቤ ሲያስጌጡ ኖረዋል፤ ደገኛውም ቢሆን ራስ ምታት ሲነሣበት አናቱን ለጋ ቅቤ ያስቀባል። ቅቤ በክሩ ላይ የሚሠራውን ይሠራል፤ እርጥበት ይይዛል፣ ያለሰልሳል። ፎረፎር የሌለበት ሰው ታጥቦ ገና እርጥብ ሳለ ክሩን ትንሽ ለጋ ቅቤ ቢያስነካውና በማግስቱ ቢያጥበው ጠብ የለኝም። አቧራ ባለበት ከተማ ቆዳ ላይ ደፍቶ፣ ኮፍያ ደፍቶበት፣ ሳምንት ሙሉ መዋል ግን ሌላ ነገር ነው። ሽታውን ቤተሰብ ይችለው ይሆናል፤ ባልደረባ ግን ዝም የሚለው ከይሉኝታ ነው።

ለፎረፎር የሚሆነው መድኃኒት ያለበት ሻምፖ ነው። ኬቶኮናዞል 2 በመቶ የሆነውን በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ቆዳው ላይ አሽቶ ወደ 5 ደቂቃ ያህል ካቆዩ በኋላ መለቃለቅ፤ ይህንም ከ2 እስከ 4 ሳምንት መቀጠል። ብዙ ሰው አረፋውን ወዲያው ያጥበውና «አልሠራልኝም» ይላል። ሻምፖው ክሩን ስለሚያደርቅ ጫፉን በኮንዲሽነር ማካካስ ነው። ለጊዜው ይጠፋል፤ ተመልሶ ሊመጣ ስለሚችል አልፎ አልፎ መድገም ያስፈልጋል። ያልተጻፈላችሁን ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታዞል ከመድኃኒት ቤት ገዝታችሁ ራሳችሁ ላይ አትቀቡ። ማሳከኩን በአንድ ሌሊት ያጠፋዋል፤ ሲቆይ ግን ቆዳውን ያሳሳል። ችግሩ ቆረቆር ከነበረ ደግሞ መልኩን ይለውጥና ሐኪም እንኳ እንዳይለየው ያደርጋል፤ ፈንገሱ ግን ከሥር ይስፋፋል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከየትኛውም የወንዶች ፀጉር ቤት ገብታችሁ ቁጭ በሉና እዩ። ወንበሩ ላይ ያለው ልጅ ፌዱን ጨርሷል። አስተካካዩ ከመደርደሪያው ሥር መለያው የተላጠ ጣሳ አውጥቶ ነጭ ክሬም በጓንት ጣቱ ይዝቃል።

«ወንድሜ፣ ምንድን ነው እሱ?»

«ከርል ማውጫ ነው ባክህ፣ ከዱባይ የመጣ። ሁሉም የሚወስደው እሱን ነው።»

ሦስት ደቂቃ ያልፋል። ልጁ ትከሻው መነቃነቅ ጀምሯል።

«ያቃጥላል እኮ!»

«ሲይዝ ነዋ! ትንሽ ቻለው፣ አሁን ካጠብኩት ባዶ ነው የሚሆነው።»

ያ ክሬም ምን እንደሆነ ልጁ አያውቅም፤ ብዙ ጊዜ አስተካካዩም አያውቅም። ከርዳዳውን ፈታ የሚያደርጉ ክሬሞች ከባድ አልካሊዎች ናቸው። የአንዳንዶቹ ዋና ቅመም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ ሳሙና የሚሠራበትና የተዘጋ ቱቦ የሚከፈትበት ኮስቲክ ሶዳ ማለት ነው። ፒኤቹ ከ12 በላይ ይወጣል። ፀጉርን የሚፈታው በክሩ ውስጥ ያሉትን የሰልፈር ማያያዣዎች በማፍረስ ሲሆን የፈረሰው አይመለስም። ማቃጠሉ «የመያዝ» ምልክት አይደለም፤ ቆዳው በኬሚካል እየተቃጠለ መሆኑን የሚናገርበት ነው። ያቃጠለ ሰዓት ተነሡና ራሳችሁን በሚወርድ ውኃ ረጅም ጊዜ አስታጥቡ። አስተካካዩ ቢቀየም ይቀየም። ዓይን ውስጥ ከገባ ዓይንን ከፍቶ ለ15 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ በንጹሕ ውኃ ማጠብና ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል መሄድ ነው፤ አልካሊ ዓይን ያጠፋል።

ይህ መከራ በእኛ አልተጀመረም። ጥቁር አሜሪካውያን ወንዶች እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ በፊት ፀጉራቸውን በኮስቲክ ሶዳ፣ በእንቁላልና በድንች በተበጠበጠ ለጥፍ ያስተኙ ነበር። ማልኮም ኤክስ እ.ኤ.አ. በ1965 በወጣው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ ቦስተን ሳለ በወጣትነቱ ይህን ያደረገበትን ቀን፣ ራሱ እንደ እሳት ሲነድ የተሰማውንና በኋላም እንዴት እንደቆጨው በዝርዝር ተርኮታል። እነሱ የተዉትን እኛ በዱባይ ጣሳ ዞሮ መጥቶ ስንቀባው ይገርማል። አልተውም ላለ ግን ቢያንስ ከዋዜማው ጀምሮ ራሱን አይከክ፣ ቁስል ወይም ፎረፎር ካለበት አያስነካው፣ መለያው ያልተነበበ ዕቃ አይቀበል፣ በተቀባ ፀጉር ላይ ደግሞ አያስደግም፤ አዲስ የበቀለው ሥር ብቻ ነው የሚነካው።

«ኬራቲን» ተብሎ በፒያስትራ የሚሠራውም ከዚህ አይሻልም። እንዲህ ካሉት ብዙዎቹ ፎርማልዴሃይድ የሚለቁ ናቸው፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ፎርማልዴሃይድን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች ተርታ መድቦታል። እ.ኤ.አ. በ2011 የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት «ፎርማልዴሃይድ የለበትም» የሚል በተጻፈባቸው ዕቃዎች ውስጥ ሳይቀር ተገኝቷል ብሎ አስጠንቅቋል። ዓይን የሚያስለቅስ ጭስ ካያችሁ፣ ክፍሉም መስኮት ከሌለው፣ ውጡ። በነገራችን ላይ ፒያስትራ እርጥብ ፀጉር ላይ ማሳረፍ በክሩ ውስጥ ያለውን ውኃ ስለሚያፈላው ክሩ ከውስጥ አረፋ ይሠራል፤ ከዚያ ይሰበራል።

ቀለምም እንዲሁ ነው። ሽበት የሚደብቁ አባቶችና ፀጉራቸውን ጥቁር ለማድረግ የሚሹ ወጣቶች «ሂና ነው» ተብለው የሚሸጥላቸው ወዲያው ጥቁር የሚሆነው ዱቄት ንጹሕ ሂና አይደለም፤ ሂና ብቻውን ወደ ቀይ ቡናማ ነው የሚያደላው። ጥቁረቱ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ፒፒዲ ከሚባል ኬሚካል ነው። የአውሮፓ ኅብረት ራስ ላይ ከሚያርፈው ቀለም ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ የወሰነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አለርጂ ያለበትን ሰው ፊቱን አሳብጦ ዓይኑን ይጋርደዋል። ከመቀባት በፊት ከጆሮ ጀርባ ትንሽ አስነክቶ 48 ሰዓት መጠበቅ ነው። አንዴ ያበጠ ሰው ዳግመኛ አይሞክረው።

ወደ ፀጉር ቤቱ እንመለስ፤ አደጋው ጣሳው ውስጥ ብቻ አይደለም። ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን ጥቁር ስፖንጅ አውርዳችሁ ቀዳዳዎቹን ገልጣችሁ እዩ፦ ቅርፊት፣ የተበጣጠሰ ፀጉር፣ የደረቀ ጄል፣ ሁሉም የሌላ ሰው። ስፖንጅ በክብ እየታሸ ሲዞር ከርል ያወጣል፤ እርጥብ ፀጉር ላይ በቀስታ ከሆነ ብዙ አይጎዳም፣ ደረቅ ፀጉር ላይ በጉልበት ከሆነ ግን ይፈትጋል፣ ይሰብራል። ታጥቦ የማይጠራ ዕቃ በመሆኑ የራስ ስፖንጅ ይዞ መሄድ ነው። ሚዶም እንደዚያው።

በቶንዶስ የሚተላለፈው ዋናው ነገር ቆረቆር ነው። በአገራችን በብዛት የሚያመጣው ትራይኮፋይተን ቫዮላሲየም የሚባል ፈንገስ ነው፤ ይበልጥ የሚይዘውም ሕፃናትን ነው። አባት ልጁን ይዞ ሄዶ በተራ ሲስተካከሉ ከማን ራስ ምን እንደመጣ አይታወቅም። ቆረቆር የተቀረፈ ክብ ቦታ ያበጃል፤ በዚያ ቦታ ፀጉሩ ከቆዳው እኩል ይሰበርና ጥቁር ነጠብጣብ ይመስላል። አንዳንዴ አብጦ መግል ይይዛል፤ ይህኛው ጠባሳ ትቶ ይሄዳል። ፈንገሱ ክሩ ውስጥ ስለሚገባ ቅባት ብቻውን አያድነውም፤ በሐኪም የሚታዘዝ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልጋል። የተለመደው ግሪሲዮፉልቪን ሲሆን ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ ስብ ካለው ምግብ ጋር ይወሰዳል። አዋቂ ወንድ ይህን መድኃኒት ከወሰደ ሕክምናው ካበቃ በኋላ 6 ወር እስኪሞላ ልጅ እንዳያስረግዝ ይመከራል፤ ይህን የሚነግራችሁ ከሌለ ጠይቁ። ቆረቆር የያዘውን ልጅ ደግሞ እስኪድን ፀጉር ቤት አትውሰዱ።

የምላጭ ነገር የታወቀ ነውና ብዙ አልልም። ሄፓታይተስ ቢ በደረቀ ደም ውስጥ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። ስለዚህ ምላጩ ፊታችሁ ከወረቀቱ ይውጣ። አልኮል ነፍቶ በላይተር የሚለኩስ አስተካካይ ትርዒት እያሳያችሁ ነው፤ ለቅጽበት የነደደ እሳት የቶንዶስ ጥርስ ውስጥ የተሰገሰገውን ፀጉር አያጸዳም፣ አጠገቡ የተነፋ ስፕሬይ ካለ ደግሞ ሌላ መዘዝ አለው። ሰማያዊ መብራት ያላት ሳጥንም ብትሆን የጸዳ ዕቃ ማስቀመጫ ናት፤ ብርሃኑ ያላረፈበትን አታጸዳም። መጀመሪያ በብሩሽ ፀጉሩን ማራገፍ፣ ከዚያ ጥርሱን በ70 በመቶ አልኮል ማራስና እስኪደርቅ መተው። ይህን ለማድረግ ጊዜ የለኝም የሚል ፀጉር ቤት ወረፋው ቢያጥርም ይቅርባችሁ። የራሱን ቶንዶስ ገዝቶ ይዞ የሚሄድ ሰው እንደ ኩራተኛ ይታይ ይሆናል፤ እኔ ግን አስተዋይ ነው እላለሁ።

ለከርዳዳ ፀጉር ወንዶች ብቻ የሚባል ያህል የተለየ ጣጣ ማጅራት ላይ አለ። ፀጉሩ ከቆዳው እኩል ሲላጭ የተሳለው ጫፍ ሲያድግ ይጠመዘዝና ተመልሶ ቆዳው ውስጥ ይገባል። ጢም ላይ ብጉር የሚመስለው ይህ ነው። ማጅራት ላይ በዚህም፣ በኮሌታና በኮፍያ መፈተግም እየተባባሰ ትንንሽ ጠንካራ እብጠት ያወጣል። ያኔ ቆም ማለት ያሻል። ብዙዎች ግን «ይጽዳልኝ» ብለው በየሳምንቱ በዜሮ ያስላጩታል፤ እብጠቶቹም ተያይዘው ፀጉር የማያበቅል፣ የሚያሳክክ ወፍራም ጠባሳ ይሆናሉ። ሲቆይ በቀዶ ሕክምና ካልሆነ አይነሣም። ማጅራታችሁ ላይ ጠጠር የመሰለ ነገር በእጃችሁ ከተሰማችሁ ከዛሬ ጀምሮ ምላጭና ዜሮ አይንካው፤ ጥቂት ሚሊሜትር ይተውለት። በጣት አታፍርጡት። አስተካካያችሁንም «ማጅራቴን ተወው» በሉት።

ትዊስትና ድሬድ የሚያሠሩ ደግሞ ሕመሙን ያዳምጡ። ተሠርቶ የዋለ ራስ ትራስ ላይ ማሳረፍ ካቃተ፣ ግንባር ዳር ትንንሽ ብጉር ከወጣ፣ ጠብቋል ማለት ነው፤ መፈታት አለበት። በተለይ አርቴፊሻል ድሬድ የሚያስቀጥል ሰው ከራሱ ፀጉር በላይ ክብደት ያንጠለጥላል። ከግንባርና ከጆሮ በላይ ያለው ፀጉር እየሳሳ መምጣት ሲጀምር ወዲያው ከተተወ ይመለሳል። ለዓመታት ከተጎተተ ግን ጉድጓዱ ይደፈንና አይበቅልም።

የቤት ውስጥ መድኃኒት ሁሉ ገር ነው ብላችሁም አትመኑ። ሎሚ ራስ ላይ ጨምቆ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳን ያቃጥላል፤ የሎሚው ጭማቂ ከፀሐይ ብርሃን ጋር ሲገናኝ ቁጣ ያስነሣና ጥቁር ጠባሳ ይተዋል። ነጭ ሽንኩርት ጥሬውን ለጥፎ ማደር ውኃ ያቋጥራል። ቅማል አጠፋለሁ ብሎ ላምባ ወይም የተባይ መርዝ መቀባት ጭራሽ አይታሰብ። ከኩሽና ከሚወጣው ሁሉ የምወደው ተልባን ነው፤ ሳይፈጭ ውኃ ውስጥ አፍልታችሁ በቀጭን ጨርቅ ስትጨምቁት የሚወርደው ልጋግ ከገበያ ጄል የማያንስ ሲሆን ከርሉንም ሳያደርቅ ይይዛል። ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት፤ ሽታው ከተለወጠ ድፉት። እሬትም ጥሩ ነው፤ ሲቆረጥ የሚወጣው ቢጫ ፈሳሽ ግን ያሳክካልና ተዘቅዝቆ እስኪንጠፈጠፍ ይቆይ።

ሚኖክሲዲል ለጢምም ለራስም ገዝቶ የሚቀባ ወጣት በዝቷል። ለወንድ መላጣነት የታወቀ መድኃኒት ነው፤ ለደረቀና ለተሰበረ ፀጉር ግን ምንም አይፈይድም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፀጉር ማርገፉ የተለመደ ነው፤ ሲያቆሙት ያበቀለው ይረግፋል። የልብ ምት ከጨመረባችሁ፣ ራሳችሁን ካዞራችሁ አቁሙት። ቤት ውስጥ ድመት ካለች እንዳትልሰው ተጠንቀቁ፤ ጥቂቱም ሊገድላት ይችላል።

ባዮቲን ደግሞ ሌላ መዘዝ አለው። «ለፀጉር» ተብሎ የሚሸጠው እንክብል ብዙውን ጊዜ ሰውነት በቀን ከሚፈልገው እጅግ የበለጠ መጠን የያዘ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 እንዳስጠነቀቀው አንዳንድ የደም ምርመራዎችን ያዛባል፤ የእንቅርት ሆርሞን ምርመራንና የልብ ጥቃት የሚታወቅበትን ትሮፖኒን ጨምሮ። ልቡ ላይ ጥቃት የደረሰበት ሰው «ደህና ነህ» ተብሎ ሊመለስ ይችላል።

ድሮ ደህና የነበረ ፀጉር በወራት ውስጥ ድንገት ደርቆ ከሳሳ፣ ድካም፣ የብርድ ስሜትና ያለ ምክንያት መወፈር ከተጨመረበት፣ ነገሩ ከሻምፖ በላይ ነውና የእንቅርት ሆርሞንና የደም ማነስ ምርመራ አሠሩ። ክብ ሆኖ የተመለጠ ቦታ፣ መግል የያዘ እብጠት፣ የሚያድግ የማጅራት ጠባሳ፣ በኬሚካል የተቃጠለ ቆዳ ካለ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ አዲስ አበባ ላላችሁ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና አለው፣ በክልል ያላችሁም ከጤና ጣቢያ ጀምራችሁ ሪፈር ጠይቁ። ስትሄዱ የተቀባችሁትን ጣሳ ይዛችሁ ሂዱ፤ መለያ ባይኖረውም። ደም ከመስጠታችሁ በፊትም ባዮቲን እንደምትወስዱ ለሐኪሙም ለላቦራቶሪ ባለሙያውም ንገሩ።